ከበላይነሽ ቀጥሎ

እናቴ አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ተጠርታ ሙሾ የምታወርድ፣ በዚያም በምታገኘው የምታድር። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ፤ በሰው ሞት እንጀራ ይበላል ወይ ይሉኛል። ሳጥን ሠሪው በምን ይበላል? እናቴ ፈለቀች ሃያ ዓመት ያህል ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ፣ ከዚያም አልፋ በቀወት ገጠር እየተጠራች፣ በጉሮሮዋ እኔን ሴት ልጇን ሙሉን አሳድጋለች። አባቴን ወባ ሲገድለው እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር፤ የመጀመሪያ ሙሾዋንም ያወረደችው ለእሱ ነው ይላሉ።

ሥራዋን የምትሠራው ዝም ብላ ሄዳ በመጮህ አይደለም። ቀድማ ለቅሶ ቤት ትገባና ጥግ ይዛ ትጠይቃለች፦ ሟች ምን ይወድ ነበር? ከማን ተጣልቶ ከማን ታረቀ? ስንት ወለደ፣ ማን ማንን ይበልጣል? ፊደል ስላልቆጠረች ያንን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ነው ወደ ሜዳው የምትወጣው። ሜዳው ላይ ሰው ክብ ይሠራል፤ እሷ መሐል ቆማ ስለ ሟች ካወረደች በኋላ ልጆቹን ከበኩር ጀምራ በየተራ በስማቸው ትጠራለች። የተጠራው ልጅ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ክቡ ውስጥ ይገባና አንድ ጊዜ ዞሮ ይቆማል። ከልጆቹ የሞተ ካለ እሱም በተራው ይጠራል፤ ለእሱ የሚገባ ስለሌለ ሰው ሁሉ አንድ ዙር ያህል ጸጥ ብሎ ይጠብቅና ቀጣዩ ይጠራል። ይህ የእሷ አሠራር ነበር፤ ሌላ አልቃሽ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም።

አንድ ሕግ ነበራት። «ያልነበረውን አልጨምርም፣ የነበረውን አላስቀርም» ትላለች። አንድ ጊዜ የታወቀ ቆንቋና ነጋዴ ሞተና ልጆቹ «ለጋስ ነበር በይልን» ብለው ጠቀም ያለ ብር ሰጧት። ብሩን መለሰችላቸውና የነበረውን ብቻ አወረደች፦

አጥሩ የጠበቀ፣ በሩ የተዘጋ፣
አህያው የጠገበ ክረምት ከበጋ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ ተሰማ። ልጆቹ ተቆጥተው ዓመት ሙሉ አላናገሯት፤ ግን ውሸት ነው ለማለት አፍ አላገኙም። የሰውዬው አህዮች በእርግጥ የጠገቡ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሰው እናቴን የሚፈልጋት በዚሁ ነው። ፈለቀች ካለች ነበረ ማለት ነው።

እማማ ደብሪቱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በእኛና በእሳቸው ቤት መካከል ያለው አጥር ዶሮ እንኳ የሚከለክል አልነበረም። ሦስት ልጆች ወልደዋል። በኩሯ በላይነሽ ነች፣ ከእሷ ቀጥሎ ፀጋዬ፣ የመጨረሻው ደምሴ። ልጆቹ ሮቢ ወንዝ ወርደው ሲንቦጫረቁ ይውሉና እራት ሲደርስ እማማ ደብሪቱ ደጅ ወጥተው በአንድ ትንፋሽ ይጠሯቸው ነበር፦ «በላይነሽ! ፀጋዬ! ደምሴ!» ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል። እኔ ከሁሉም አንስ ነበር፤ ያ ጥሪ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሲያድጉ በላይነሽ እዚያው ከተማው ውስጥ አግብታ ሽንኩርት ነጋዴ ሆነች። ፀጋዬ አስተማሪ ሆነ። ደምሴ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ጥቂት ዓመት ሲንከራተት ቆየና አብዮቱ ሲመጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ። ንግግር ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ንግግር መቻል በቂ ነው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ፀጋዬን ከሚያስተምርበት ክፍል አውጥተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ድልድዩ አጠገብ ተጥሎ ተገኘ። ፀረ ሕዝብ ነው ተባለ፤ ለፀረ ሕዝብ ደግሞ አይለቀስም። እማማ ደብሪቱ ጥቁር አልለበሱም። ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤት ገብቶ እግዚአብሔር ያጥናዎት አላለም፤ እኛም አላልንም፤ አጥሩ ያው አጥር ነበር፣ ግን አልተሻገርነውም። ደምሴ በወንድሙ ላይ ፈርሟል ይባላል። አልፈረመም፣ ሲወስዱት አይቶ ዝም ነው ያለው የሚሉም አሉ። ለእኔ ብዙም አይለያይብኝም።

የእናቴ ሥራም በዚያው ቀረ። ሰው በትኩሳት ለሞተ ልጁ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ፈራ። ማን ምን ብሎ እንደሚተረጉመው አይታወቅማ! ሬሳ በጠዋት ይቀበራል፣ ሰው እየተላለፈ ይበተናል። እናቴ በቀን ሥራ የሰው ሽንኩርት ማሳ ገብታ ማረም ጀመረች። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ሾፌሮች የሚያርፉበት ሆቴል ዕቃ አጥባለሁ፣ ምግብ አቀርባለሁ፣ በወር አሥራ አምስት ብር። የሁለታችን ሆድ እኔ ላይ ወደቀ፤ እኔም እንደ እናቴ ታጋሽ አይደለሁም፣ አማርር ነበር።

እማማ ደብሪቱ ስድስት ወር አፋቸውን ይዘው ኖሩ። በሐምሌ ሞቱ። የቀበሌ ሊቀመንበር እናት ናቸውና ለእሳቸው ማልቀስ ተፈቀደ፤ እንዲያውም ታዘዘ። ትልቁ ለቅሶ በሠልስቱ ሜዳ ላይ ይሁን ተባለ።

በተቀበሩ ማግሥት ረፋዱ ላይ ደምሴ ቤታችን መጣ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ደጅ ቆሙ። እናቴ በልጅነቱ አዝላዋለች፤ «እትዬ» እና «አንቱ» እያለ ነው ያደገው። ያን ቀን ግን ገና ከመግባቱ «እንዴት አደርሽ ጓድ ፈለቀች» አላት። እናቴ ግራ ገባትና «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለችው። ያዘለችውን ልጅ አንቱ ስትለው ስሰማ አንጀቴ አረረ።

«እናቴን አንቺ ነሽ የምታለቅሻት» አለ፤ አልተቀመጠም። «ከአውራጃ የሚመጡ ጓዶች አሉ። ደህና ሆኖ እንዲያልፍ እፈልጋለሁ።»

«እትዬ ደብሪቱን እኔ ካላለቀስኳቸው ማን ያለቅሳቸዋል።»

«ልጆቿን ስትጠሪ ሁለት ናቸው።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች።

«ሰምተሻል? በላይነሽ፣ ከዚያ እኔ።»

«የወለዱት ሦስት ነው» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

«ስንት እንደወለደች ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ብሎ ወደ ደጁ አየና ዝቅ አደረገው። «ስሙ በሕዝብ ፊት አይጠራም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ብትጠሪው አንቺን ማዳን አልችልም። እኔንም የሚያድነኝ የለም።»

ከዚያ ደመወዙን ተናገረ። አንድ ኩንታል ማሽላ ዛሬውኑ ይመጣል። ሌላም ነገር አለ፤ የቀበሌው የኪነት ቡድን ለዘማች ሽኝት ግጥም የሚያወጣለት ሰው ይፈልጋል፣ በወር ሃምሳ ብር። «በዚህ ከተማ ከአንቺ የሚሻል የለም። ሠልስቱ በደህና ካለፈ ደብዳቤውን እጽፋለሁ» ብሎ ወጣ።

እውነቱን ልናገር። ሃምሳ ብር ሲል ልቤ ዘለለ። ስለ ፀጋዬ አላሰብኩም፤ ስለ ሳሙና፣ ስለ ዘይት፣ ከሆቴሉ ስለመውጣት ነው ያሰብኩት። ማሽላው ከሰዓት በኋላ በጋሪ መጣ። ጆንያው ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ስንገባም ስንወጣም እያየነው ነበር።

ጋሪው ከሄደ ብዙም ሳይቆይ በላይነሽ አጥሩን ተሻግራ መጣች። ማንም ቢያያት ሰበብ እንዲሆናት ሽንኩርት በነጠላዋ ቋጥራ ነበር። ሽንኩርቱን ሳታስቀምጥ እናቴ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ ፈለቀች፣ ወንድሜን እንዳያስቀሩብኝ።»

«ተነሽ እባክሽ፣ ሰው ይመጣል።»

«እናቴ ስድስት ወር ስሙን ሳትጠራ ሞተች። ማታ ማታ አፏ ላይ ጨርቅ ጭና ስትንሰቀሰቅ እየሰማሁ አድሬአለሁ። እርስዎም ካስቀሩት ያልተወለደ ሆኖ ይቀራል። እርስዎ ያሉት ነው የሚጸናው፣ ያውቁታል።»

እናቴ እጇን ይዛ አነሣቻት። በላይነሽም መልስ አልጠበቀችም፤ ሽንኩርቱን ጆንያው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አየር አልነበረም። መንገዱ ላይ መኪና ሲቆም ሁለታችንም እንቅስቃሴ እናቆማለን። ሆቴል ስሄድ ሾፌሮቹ እያወሩ ነው፤ ወደ ላይ ባለ አንድ ከተማ አንዲት ሴት ለባሏ ደረቷን መትታ ተወስዳለች ይላል አንዱ፤ ሌላው ዝም በል ይለዋል። ሳህን ከእጄ ወደቀ። ስመለስ እናቴ ማሽላውን ሰፌድ ላይ አድርጋ ጠጠር እየለቀመች ግጥም ትሞክራለች። ስለ እማማ ደብሪቱ ያለው ጥሩ ይሄዳል። በላይነሽን ትጠራለች። ከዚያ ትቆምና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ተራውን ምን ላድርገው? ከበላይነሽ ቀጥዬ ደምሴን ልጠራ ስል ምላሴ አልታዘዝ ይለኛል።»

«እማዬ፣ የሞተ ሞቷል። እኛ ነን ያለነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

«ስሙን ብትጠሪው ይነሣል?» ቀጠልኩ፤ አንዴ ጀምሬአለሁ። «አንቺን ይወስዱሻል፣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። ይኸው ነው የሚሆነው። በላይነሽ ወንድሟ ነው፣ ትለምን። አንቺ ምን ዕዳ አለብሽ?»

«ሕግ አለኝ» አለች።

«ሕጉ እንጀራ አበላን?»

ወደ ጠጠሯ ተመለሰች። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደምሴ አይደለም። ያን ዕለት፣ የሠልስቱ ዋዜማ፣ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። አመሻሹ ላይ «እሺ፣ ሁለት እጠራለሁ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴም አስጠላኝ።

ሜዳው ከትልቁ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ወጥቷል፤ መሬቱ ይተናል፣ ዝንቡ አያስቀምጥም። ከአውራጃ የመጡት ጓዶች ወንበር ተደርጎላቸው ጥላው ውስጥ ተቀመጡ። አብዮት ጥበቃዎቹ ከጀርባቸው ቆሙ። ደምሴ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ከዘመዶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በላይነሽ ከሴቶቹ በኩል። እኔ ሙሾውን ከሚቀበሉት ሴቶች ጋር ነበርኩ፤ የጎረቤቴን ክንድ ያዝኩ።

እናቴ መሐል ገባች። ስድስት ወር ያልተሰማ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ወጣ፦

በሮቢ ዳገት ላይ እንስራዋን አዝላ፣
ልጆቿ ሳይጠግቡ እህል የማትበላ።

ሰው አነባ። እንዲህ ነበሩ፤ አንድ ቃል አልጨመረችም። እያወረደች፣ እየዞረች፣ እየተቀበልናት ወደ ልጆቹ ደረሰች።

ነይ ግቢ በላይነሽ የቤቱ መጀመሪያ፣
ለእናትሽ የነበርሽ ምርኩዝ መደገፊያ።

በላይነሽ ተነሥታ ገባች። ዓይኗ እናቴ ላይ ተተክሎ አንድ ዙር ዞረችና ቆመች። እናቴ አየር ሳበች። በላይነሽ ከንፈሯን ነከሰች።

ና ግባ ደምሴ የመጨረሻው ልጅ፣
ዛሬ ማን ይጠራህ ብትቆምስ ከደጅ።

አለቀ፣ አስቀረችው። በላይነሽ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ተረፍን አልኩ በልቤ።

ደምሴ ግን አልተነሣም።

መሬት መሬት እያየ ተቀምጧል። እናቴ ያልሰማት መስሏት ደገመችለት፤ «ና ግባ ደምሴ»። አልተነቃነቀም። አልተኛም፣ አላመመውም። ፊቱ ላይ የነበረው የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ከተወለደ ጀምሮ ስሙ ሦስተኛ ነው። በላይነሽ ሲባል ሰምቷል፤ ጆሮው ቀጥሎ የሚመጣውን ስም እየጠበቀ ነው፣ ከስሙም በኋላ ያለውን የአንድ ዙር ጸጥታ። ያስቀረው ራሱ ነው። ትእዛዙን ለእኛ አፍ ሰጠ እንጂ ለራሱ ጆሮ አልሰጠም።

ክቡ ቆመ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያለፈው ጊዜ አንድ ዙር ያህል ነበር፤ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ገብቶ፣ ዞሮ የሚቆምበት ያህል። አጠገቡ የነበረ ዘመድ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ደምሴ ደንግጦ ቀና አለ። ክቡን ዞሮ አየው፤ ሁላችንም እሱን እያየነው ነበር። ከዚያ ተነሣና ገባ፤ እግሩ መሬቱን የሚፈልግ ይመስል እየተደናቀፈ ዞረ።

ሴቶቹ ጮኹ። በጥር ያልተጮኸው ሁሉ ያን ቀን ወጣ፤ ደረት ተመታ፣ ፊት ተነጨ። ከአውራጃ የመጡት ጓዶች ለእናትየው መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። «ሆን ብዬ ያደረግሁበት ይመስለዋል» አለች። «ሁለተኛ ያልደገምኩለት ቢሆን! ሙሉ፣ ወጥመድ ያጠመድኩበት ይመስለዋል።»

«ያዘዘሽን ነው ያደረግሽው።»

«ለማን ነው ይህን የምነግረው?»

በትንሽ ከረጢት ቆሎና አንድ ነጠላ አዘጋጀች። እስር ቤት የሚወሰድ ሰው ስንቅ እንደሚያስፈልገው ያን ዓመት ሁሉም ያውቃል። ሦስት ቀን ማንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ አብዮት ጥበቃ መጥቶ «ሊቀመንበሩ ይፈልጉሻል» አላት። ከረጢቷን ይዛ ሄደች። እኔ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በሩን ሳይ ቆየሁ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ስትወጣ ከረጢቷም፣ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀትም በእጇ ነበር።

የሆነውን ቤት ገብተን ነው የነገረችኝ። ደምሴ ብቻውን ነበር። «ሆን ብለሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «እንዳሉኝ ነው የጠራሁት» አለችው። እሱም «ታዲያ ለምንድን ነው ያልተነሣሁት?» አላት። የሚጠይቃት የምር ነበር አለችኝ፤ ሐኪም እንደሚጠይቅ በሽተኛ።

«ምን አልሽው?»

«ተራህ ስላልደረሰ ነው አልኩት።»

አንተ ብላዋለች። ከአፏ እንዴት እንዳመለጣት እሷም አላወቀችም። ደምሴ አልተቆጣም፤ ወረቀቱን ፈርሞ ገፋ አደረገላትና «ከሰኞ ጀምሮ ትገቢያለሽ» አላት።

ወረቀቱን አነበብኩላት። ጓድ ፈለቀች የኪነት ቡድን ግጥም አውጪ፣ በወር ብር ሃምሳ። ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

«ይህ ፀጋዬን ያስቀረሁበት ዋጋ ነው» አለች።

«ማሽላውን እየበላን አይደል?»

«ማሽላውን በልተናል። ርቦን ነበር። ይህን ግን በየወሩ ነው የምበላው፤ በየወሩ አስቀረዋለሁ ማለት ነው። ደግሞ የሚዘምቱት ልጆች አሉ፤ ያላየሁትን ጀግንነት ጨምሪላቸው ይሉኛል። አልችልበትም ሙሉ።»

«እምቢ ትይና ምን ልትሆኚ ነው?» ጮህኩባት። «እምቢ ይባላል እንዴ?»

አይባልም። እሷም ታውቃለች። እሑድ ዕለት ጉሮሮዋ ላይ ሻሽ አስራ ዋለች፤ ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ በሹክሹክታ ድምፄ ተዘግቷል አለች። ሕይወቷን ሙሉ ያልነበረውን ላለመጨመር የኖረች ሴት አንዲት ውሸት ጨመረች፤ የምትኖርባትን።

አላመኗትም። ጤና ጣቢያ ትታይ ተባለ። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ሷሊሕ የሚባል፣ እናቱን እናቴ ያለቀሰችለት አርጎባ ነበር። እናቱ ሙስሊም ቢሆኑም ጎረቤት ናቸውና ከቀብር በኋላ ቤት ውስጥ በለሆሳስ ነበር ያለቀሰችላቸው። ማንኪያ ምላሷ ላይ አድርጎ ጉሮሮዋን በባትሪ አየ። አብዮት ጥበቃው በሩ ላይ ቆሟል። ሷሊሕ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ምንም የሚታይ እንደሌለ እሱም እኛም እናውቃለን። እኔ በሆዴ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደረደርኩ።

«ወላሂ ክፉኛ ተጎድቷል» አለ በመጨረሻ። «ይህ ጉሮሮ ከእንግዲህ ከፍ ብሎ ቢናገር ደም ይተፋል።» ጻፈና ማኅተም መታበት። ስንወጣ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ እንግዲህ በገበያ ላይም ይጠንቀቁ» አላት።

እናቴ ዐሥራ ሦስት ዓመት ተጠነቀቀች። ገበያ ላይ በሹክሹክታ ነበር የምትነጋገረው፤ ቤትም ውስጥ ግድግዳው ጆሮ አለው ብላ ድምጿን አታነሣም። አውቶቡስ በሚቆምበት ሽንኩርት ስትሸጥ ሌሎቹ ሴቶች ይጣራሉ፣ እሷ እጇን ብቻ ታወዛውዛለች፤ የሷ ሽንኩርት ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው የሚሸጠው። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አዲስ አልቃሾች መጡ፤ ያልነበረውን የሚጨምሩ፣ በጥሩ ብር። እኔ ሆቴሉ ውስጥ ቀረሁ። ያቺን ሃምሳ ብር ስንት ዓመት በልቤ ስቆጥራት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አልተጣላኋትም ማለት አልችልም።

ደምሴ በሰባ አምስት ከሊቀመንበርነቱ ወረደ። ምን እንዳጠፋ አልተነገረም። ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ዱቄት ለብሶ ይውል ነበር፤ በእናቴ በኩል ሲያልፍ ዓይኑን ይሰብራል፣ ሽንኩርትም አይገዛትም።

በግንቦት ሰማንያ ሦስት ደርግ ወደቀ። በሳምንቱ፣ የእናቷ ቤት ገብታ የምትኖረው በላይነሽ አጥሩን ተሻግራ መጣች፤ ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። በዚህ ጊዜ አልተንበረከከችም። «እትዬ ፈለቀች፣ አሁን ይጥሩልኝ» አለች።

በማግሥቱ እሷው ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን፣ ብዙ ሰው አልነበረም፣ ሠላሳ ይሆን ይሆናል። እናቴ መሐል ገብታ አፏን ከፈተች። የወጣው ሹክሹክታ ነበር። እንደገና ሞከረች፣ ጅማቷ ተገተረ፣ እንባዋ ወረደ፤ ድምፅ የለም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ያልሠራ ጉሮሮ ሷሊሕ የጻፈውን ሆኗል። መሬት ላይ ተቀመጠችና ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«አንቺ» አለችኝ።

እኔ? ሕጉ እንጀራ አበላን ወይ ያልኩት እኔ? ግጥም ገጥሜ አላውቅም። እሷ ግን ጆሮዬ ውስጥ ሹክ አለችኝ፤ በዚያ ሐምሌ ጠጠር እየለቀመች ሠርታው ያላወጣችውን። ለእማማ ደብሪቱ ያወረደችውን በቃሌ እይዘው ነበርና በእሱ ጀመርኩ፤ በላይነሽን ጠራሁ፣ ገብታ ዞረች። ከዚያ ያን አወጣሁት፦

ና ግባ ፀጋዬ የሁለቱ መሐል፣
እናትህ ትጣራለች እራትህ ቀርቧል።

በላይነሽን ሰዎች ደግፈው ያዟት። አንድ ዙር ያህል ቆምን። ማንም አልገባም፣ ዶሮ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ዙሩ ሲያልቅ ቀና ስል ደምሴን አየሁት። ከአጥሩ ውጭ፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ ቆሟል። የጠራው ሰው አልነበረም።

አልጠራሁትም። ይቁም አልኩ በልቤ፤ እሱ ያስቀረውን ዐሥራ ሦስት ዓመት እሱም ይቅመሰው። ሰዉም የፈለገው ያንን ነበር፤ ዓይናቸው ላይ አየሁት፣ አንድ ሰው እንዲያውም ድንጋይ አንሥቷል። ሙሾው እዚያ ላይ ቢያልቅ ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

እናቴ እንደገና ቀሚሴን ጎተተች።

«ሦስት ነው የወለዱት» አለች።

አልፈለግሁም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልፈለግሁም። ድንጋይ የያዘውን ሰውዬ አየሁት፣ አጥሩን አየሁት፣ ከዚያ ስሙን ጠራሁ። ደምሴ በዚህ ጊዜ ወዲያው ተነቃነቀ፤ በበሩ ዞሮ ገባና በላይነሽ እያየችው አንድ ጊዜ ዞሮ ቆመ።

ማታ እናቴ ሽንኩርቷን ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ቀኑ አንድም ነገር አላለችኝም። «ለነገው ገበያ ይህ ይበቃል» ብላ የተለቀመውን ወደ እኔ ገፋችው።